እጅ ሲናገር፦ የእጅ ምልክቶች መነሻና ትርጉም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች ገበያ የወጣ ሰው ብዙውን ነገር ከመስማቱ በፊት ያየዋል። ከማዶ ያለ ወዳጅ በእጅ ይጠራል፤ የበግ ዋጋ በመዳፍ ይጸናል፤ ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ ይቀርባል፤ ጠብም አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ጣት ይነሣል። በቀየትም ሆነ በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች እነዚህ ምልክቶች ከዕለት ኑሮ ጋር የተዋሐዱ በመሆናቸው ስለ መነሻቸው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከጀርባቸው ታሪክ፣ እምነትና ሥርዓት አላቸው። አንዳንዶቹም በሕግ ፊት ጭምር የሚያስጠይቁ ናቸው።

እጅ በአማርኛ ውስጥ

አማርኛ ስለ እጅ ያለው የአነጋገር ሀብት ምልክቶቹ ምን ያህል ሥር የሰደዱ እንደሆኑ ያሳያል። «እጅ መንሣት» ጎንበስ ብሎ አክብሮትን መግለጽ ነው፤ ከዚሁ የወጣው «እጅ መንሻ» ደግሞ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ስጦታ ነው። «እጅ መስጠት» መሸነፍን፣ «እጅ ማጠር» ገንዘብ ማጣትን፣ «እጅ በእጅ» ያለ ዱቤ የሚፈጸም ሽያጭን ያመለክታል። በጣም የተገረመ ሰው «እጁን በአፉ ጫነ» ይባላል። እነዚህ አነጋገሮች በመጀመሪያ በዓይን የሚታዩ ድርጊቶች ነበሩ፤ ቆይተው ግን ድርጊቱ ሳይኖርም የሚነገሩ ቃላት ሆነዋል።

እጅ መለኪያም ነው። ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ስንዝር፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ክንድ ይባላል። እህል በእፍኝና በጭብጥ ይሰፈራል። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለችው ጣት ደግሞ ሁለት ስም አላት፦ ሰው ለማመልከት ስለምታገለግል «አመልካች ጣት» ስትባል፣ በሕዝብ አነጋገር «ሌባ ጣት» ትባላለች። በሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር የሆነውም ክስ የማቅረብ ያህል ስለሚቆጠር ነው።

ሰላምታና አክብሮት

በእጅ መጨባበጥ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ አንድ የድንጋይ ምስል የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ከባቢሎን ንጉሥ ጋር ሲጨባበጥ ያሳያል። በጥንታዊ ግሪክ የመቃብር ድንጋዮች ላይም ሟችና ቤተሰቡ ተጨባብጠው ይታያሉ። ቀኝ እጅ መሣሪያ የሚይዝ እጅ በመሆኑ ባዶ መዳፍን መዘርጋት የሰላም ምልክት ሆነ የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ይነገራል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሰላምታ የራሱ ሥርዓት ተጨምሮለታል። ታናሽ ለታላቅ ሲጨብጥ ጎንበስ ይላል፤ በግራ እጁም የቀኝ ክንዱን ይደግፋል። ዕቃ ሲሰጥና ሲቀበልም እንዲሁ ነው፦ በሁለት እጅ መቀበል ወይም ክንድን መደገፍ ስጦታው ከባድ፣ ሰጪውም የተከበረ መሆኑን መግለጫ ነው። በግራ እጅ ብቻ መስጠት ግን እንደ ንቀት ይታያል። እጁ በሥራ የቆሸሸ፣ ወይም ምግብ በመብላት ላይ ያለ ሰው መዳፉን ከልክሎ የእጁን አንጓ ይዘረጋል፤ ሰላም ባዩም አንጓውን ይጨብጣል። በዚህ መንገድ ንጽሕናም ሰላምታም አይጓደሉም።

ይህ ልማድ በቅርቡ ከባድ ፈተና ገጥሞት ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ተጠቂ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ መጨባበጥ እንዲቀር ተነገረ። ሰዉም እጅን በደረት ላይ አድርጎ ወይም ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም መባባል ጀመረ። አዲስ የመሰለው ይህ ሰላምታ በእርግጥ ከጥንቱ እጅ መንሣት ብዙም የራቀ አልነበረም።

ሰውን በእጅ የመጥራት ሥርዓትም አለው። በኢትዮጵያ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ጣቶችን ወደ ራስ መሰብሰብ «ና» ማለት ነው። መዳፍን ወደ ላይ ገልብጦ በአንዲት ጣት መጥራት ግን በተለይ ለአዋቂ ሰው ክብር የጎደለው ነው። አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት ደግሞ በምግብና በመጠጥ ቤቶች የቆየ ልማድ ሲሆን እንደ ስድብ አይታይም ነበር።

በማዕድ ላይ እጅ ከሁሉ ይበልጥ ፍቅርን ይናገራል። ጉርሻ ሰጪው ቀኝ እጁን ከታጠበ በኋላ ጠቅልሎ በሌላው አፍ የሚያኖረው የፍቅርና የመከባበር ምልክት ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያፋቅራል የሚለው አባባል አጉራሹ በአንዱ እንዳይቆም፣ ጎራሹም እምቢ እንዳይል ያስገድዳል።

በእምነት ውስጥ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሲያማትብ የቀኝ እጁን ጣቶች በመስቀል ቅርጽ አመሳቅሎ ከግንባሩ ወደ ደረቱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ትከሻው ያደርሳል። ከላይ ወደ ታች መውረዱ የጌታን ከሰማይ ወደ ምድር መውረድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ የሰውን ከጨለማ ወደ ብርሃን መሻገር እንደሚያመለክት ይተረጎማል። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አንጓ ስላላቸው በአንድ እጅ 12 አንጓ ይገኛል፤ አውራ ጣት እየቆጠረ አራቱ ጣቶች ለጸሎት መቁጠሪያ ይሆናሉ።

የእጅ ምልክት በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይነበባል። በ17ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ዘመን ሥዕሎች ጋር በሰፊው የተስፋፋው የእመቤታችን ሥዕል እጆቿን አነባብራ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ ያሳያል። የዚህ ሥዕል መነሻ ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጥንታዊ ሥዕል ነው። ቅጂው በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሚስዮናውያኑ ከሀገር ከወጡ በኋላም የሀገሬው ሠዓሊያን መልኩንና ልብሱን ኢትዮጵያዊ እያደረጉ የእጁን ምልክት ግን ጠብቀው ቆዩ።

በእስልምናም ሰጋጅ ሶላት ሲጀምር ሁለት እጆቹን ከፍ ያደርጋል፤ ዱዓ ሲያደርግ መዳፎቹን ይዘረጋል፤ በምስክርነቱ ጊዜም የቀኝ አመልካች ጣቱን በማንሳት የአላህን አንድነት ይመሰክራል።

በኀዘንና በእርቅ

ለቅሶ ላይ እጅ ከቃል ይቀድማል። ደረት መምታት የጥልቅ ኀዘን መግለጫ ነው። ሁለት እጅን በራስ ላይ መጫንም የኀዘንና የመከራ ምልክት በመሆኑ ልጆች በጨዋታ እንኳ እንዲህ ሲያደርጉ «እጅህን አውርድ» እየተባሉ ይገሠጻሉ።

በደል የፈጸመ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት መውደቅ በደጋው ሀገር የታወቀ ልማድ ነው። ድንጋዩ የበደሉን ክብደት ያሳያል፤ ሸክሙን የሚያወርድለትም ይቅር ባዩ ነው። የደም ጠብ በሽማግሌዎች ሲታረቅ ባለጉዳዮቹ እጅ ለእጅ መያያዛቸውና መሳሳማቸው ለጉባኤው ሁሉ የሚታይ ማስረጃ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠብን መልሶ ማንሳት ሽማግሌዎቹን ጭምር መድፈር ነው።

መዳፍ፣ አሻራና ሕግ

በእንስሳት ገበያ ደላላው የሻጭንና የገዢን እጅ ሲያገናኝ ዋጋው ጸና ማለት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግመል ገበያዎች ደግሞ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ጣት በመነካካት ዋጋ ይደራደራሉ፤ በዙሪያቸው የቆመ ሌላ ነጋዴ የቀረበውን ዋጋ አያውቅም።

እንዲህ ያለው ስምምነት በሕግ ፊትም ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1681 መሠረት ውል ለመዋዋል የሚሰጥ ፈቃድ በቃል ወይም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በልማድ በሚሠራባቸው ምልክቶችም ሊገለጽ ይችላል። ስለዚህ በግ ሊሸጥ መዳፉን የመታ ሰው «አልተናገርሁም» ቢል ብቻውን ላያድነው ይችላል። በአንጻሩ በአንቀጽ 1682 መሠረት ዝም ማለት በመርሕ ደረጃ እንደ መቀበል አይቆጠርም።

ሆኖም መዳፍ የማይበቃባቸው ጉዳዮች አሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከቱ ውሎች በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆነው መመዝገብ አለባቸው። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድርም በአንቀጽ 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። የዛሬው ገበያ የአንድ በግ ዋጋ ከዚህ መጠን የሚያልፍ በመሆኑ በመተማመን ብቻ በእጅ የተሰጠ ብድር በክርክር ጊዜ ባለገንዘቡን ሊጎዳ ይችላል።

አውራ ጣትም የራሷ ሕግ አላት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ውል ላይ ያሳረፈው አሻራ፣ በአንቀጽ 1728 መሠረት፣ በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ ድንጋጌ ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያንን ያልተነበበላቸው ወረቀት ላይ ጣት ከማሳረፍ አደጋ የሚጠብቅ ነው።

የእጅ ምልክት ወንጀልም ሊሆን ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ሰውን በቃል ብቻ ሳይሆን በምልክት ማዋረድንም የሚያስቀጣ አድርጎታል። «አፌን አልከፈትሁም» የሚለው መከላከያ እንግዲህ በሁሉም ቦታ አይሠራም።

በአደባባይና በፖለቲካ

በ20ኛው መቶ ዓመት እጅ የፖለቲካ ዓርማ ሆነ። የተጨበጠ እጅ የሠራተኞችና የሶሻሊስት ንቅናቄዎች ምልክት ነበር። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ሯጮች፣ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ፣ በሽልማት መድረክ ላይ ጓንት የለበሰ እጃቸውን ጨብጠው በማንሳት የዘር መድልዎን ተቃወሙ፤ በዚያው ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ አስገኝቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ በየስብሰባው የግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሡ መፈክር ማሰማት የተለመደ ነበር። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ምልክቱን ሲያይ ዘመኑን ያስታውሳል።

ሁለት ጣትን እንደ ላቲኑ ፊደል «ቪ» ከፍቶ ማሳየት የተስፋፋው በሬዲዮ ነው። በጥር 1941 እ.ኤ.አ. የቤልጂየሙ ቪክቶር ደ ላቬሌ በቢቢሲ ለተወረረው ሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር፣ በፈረንሳይኛ ድል፣ በፍላማንድኛ ነጻነት ማለት የሆኑት ቃላት የሚጀምሩበትን ይህን ፊደል የትግል ምልክት እንዲያደርጉ ጠየቁ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችልም በጣታቸው አሳዩት። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ሁለቱ ጣቶች በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርጫ የቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ መለያ ሆኑ። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። እንደ ታሰረ ሰው የተጣመሩት እጆች በወቅቱ በኦሮሚያ የነበረው ተቃውሞ ምልክት ነበሩ፤ ምስሉም በዓለም ዙሪያ ታየ።

ድንበር ሲሻገሩ

አንድ ምልክት በሁሉም ሀገር አንድ ትርጉም የለውም። ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገራት የሚሄዱ ወጣቶች አምስቱን ጣቶች ወደ ላይ ሰብስቦ ማወዛወዝ በዚያ «ጥቂት ታገስ» ማለት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማቸዋል። አውራ ጣትን ማንሳት በብዙ ቦታ «መልካም ነው» ቢሆንም በኢራን በባህላዊ ትርጉሙ ስድብ ነው። አምስት ጣቶችን ዘርግቶ መዳፍን ወደ ሰው ፊት መግፋት በግሪክ ከባድ ስድብ ሲሆን፣ የእጅን ጀርባ ወደ ተመልካች አዙሮ ሁለት ጣት ማሳየትም በብሪታኒያ ያጣላል።

ምልክትና የምልክት ቋንቋ

የእጅ ምልክቶችንና የምልክት ቋንቋን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ቃላትና ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉ በተለይ የግእዝን ፊደል ጠባይ የተከተለ ነው፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ያመለክታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

ይህ ልዩነት በገጠር ላለ ቤተሰብ ትልቅ ጉዳይ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ከእናቱ ጋር «ና»፣ «ብላ»፣ «ከብቱን መልስ» በሚሉ የቤት ምልክቶች ሊግባባ ይችላል። በእነዚህ ብቻ ግን ሕመሙን ለሐኪም ማስረዳት፣ በፍርድ ቤት መመስከር ወይም ሒሳብ መማር አይችልም። ለዚህ ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ቋንቋውን ደግሞ ልጁ ብቻውን ተምሮ ከማን ጋር ሊያወራ ነው? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንደሚባለው፣ ለሚናገር እጅ የሚያዳምጥ ዓይን ያስፈልገዋል።