ከመርዝ ወደ ማምከን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ ባለቤት አልባ ውሾች ከነዋሪው ጋር አብረው በዝተዋል፤ ከተማዋ በደቡብ እስከ ለቡ መብራት ኃይል ስትሰፋም ተከትለዋታል። የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከል በመርዝ መግደል የተለመደ ነበር። ይሁን እንጂ የሚበላ ጥራጊ በየሜዳው እስከ ተጣለ ድረስ የሞቱትን አዳዲስ ቡችሎች ፈጥነው ይተኳቸዋል።

የሕንዷ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ግድያን ትታ ማምከንንና ክትባትን መረጠች። ዘዴው ለዱር እንስሳትም ውሏል፤ በአሜሪካው አሳቲግ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የእርግዝና መከላከያ ክትባት የዱር ፈረሶቹን ቍጥር ከ100 በታች ለማውረድ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል።

እንግዲህ ርኅራኄው ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ውሻውን ማምከን ጥራጊውን ከማንሣት ጋር ካልተጣመረ ግን ድካሙ ከንቱ ይሆናል።