ስለ ዕቃ ምርመራ፤ ከመተማ ገበያ እስከ መብራት ዘመን

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሱዳን ምድር በአንዲት የክረምት ወንዝ ብቻ ተለይታ የምትገኘው መተማ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው የወደቁባትና ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ከስሟ አጣምራ የምትጠራ ከተማ በመሆኗ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነቷ እንጂ ስለ ገበያዋ ብዙ ሲጽፉ አይታዩም። ገበያው ግን ጦርነቱን ይቀድማል፤ ለመካ ጉዞ ከምዕራብ ተነሥተው በዚያ የሰፈሩ ተክሩሮች ሲያስተዳድሩት፣ የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴዎች ቡናና ሰም፣ ዝባድና፣ መሸሸግ አይገባምና፣ ባሪያም ጭምር ይዘው ይወርዱ፣ ከማዶ የመጣውን ጨርቃ ጨርቅና ጠገራ ብር ይዘው ይወጡ ነበር።

እንዲህ በወሰን ላይ በቆመ ገበያ፣ ሻጩ ነገ ወንዙን ተሻግሮ ሊሰወር ስለሚችል፣ ገዢን ከዳኛ ይልቅ የገዛ ዓይኑና ጣቱ ያድኑታል። ስለዚህ ምርመራ የተወሰነ ባለሙያ ሥራ ሳይሆን የሁሉ ሰው ልማድ ሆኖ ኖረ። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ በየትኛውም ዓመት ቢታተም 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ብቻ ይዞ የሚወጣ ነውና፣ ከጽሕፈቱ የሚገኝ ማስረጃ አልነበረም፤ ተቀባዩ የንግሥቲቱን የዘውድ ፈርጥና በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ በጥፍሩ ጫፍ እየዳሰሰ ይቆጥራል፣ ደብዝዞ ያገኘውንም ይመልሳል። ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር የሆነው ያ 28 ግራም የሚመዝን ገንዘብ፣ ከቪየና ሊቃውንት ይልቅ በቆላው ነጋዴ ጥፍር ይበልጥ ተፈትኗል ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

የቤት ዕቃም ከዚህ ሥርዓት አላመለጠም። ምጣድ የምትገዛ ባልቴት ዕቃውን በጫፉ አቁማ በጣቷ አንጓ ኳ ታደርገዋለች፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ በሚገባ በስሏል፣ ታፍኖ ከቀረ ግን ከዓይን የተሰወረ ስንጥቅ አለበት። ገንቦውን ወደ ፀሐይ አንሥታ በአፉ ወደ ውስጥ እየተመለከተች የብርሃን ቀዳዳ ትፈልጋለች፤ ከዚያም ውሃ ሞልታ ላብ ያወጣ እንደ ሆነ ትጠባበቃለች። ምጣዱ ከቤት ከገባም በኋላ ፈተናው አላለቀም፤ በዝግታ እየጋለ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየታሸበት፣ ጠቁሮና ለስልሶ እስኪያበራ ድረስ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ የሚሰነጠቅም ከሆነ ሊጥ ሳያበላሽ በማሟሸቱ ጊዜ ይሰነጠቃል። በጎንደር ዙሪያ፣ ይልቁንም በወለቃ፣ ይህን ሸክላ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። የእጃቸውን ሥራ በጣቱ መርምሮ ካልሆነ የማይቀበል ሕዝብ፣ ቡዳ ናቸው የሚለውን ሐሜት ግን ያለ አንዳች ምርመራ መቀበሉ እጅግ ያስደንቃል።

ፋኖስና የኬሮሲን ምድጃ፣ ኋላም ማሾ ወደ ቆላው ሲገቡ ይህ የሕዋሳት ጥበብ በከፊል አገለገለ፤ የሚያፈስ ምድጃ ይሸታል፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ይታያል፣ ከማሾ የሚያመልጥ አየርም ፉጨቱ ይሰማልና። የመብራት ኃይል ግን ከሁሉም የተለየ ነው። የሸክላ ነውር ግዙፍ ሲሆን የኤሌክትሪክ ነውር ረቂቅ ነው፤ አይሸትም፣ ብዙ ጊዜም ድምፅ አይሰጥም፣ የሚታወቀው ጣት ሲነካው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መርማሪው ራሱ ሟች ሊሆን ይችላል።

ይህን ረቂቅ ነውር በመሣሪያ የመፈለጉ ሙያ፣ ቢያንስ በአሜሪካ፣ የተወለደው ከእሳት መድን ቤት ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የዓለም ትርኢት ሲደረግ፣ አዳራሾቹን የሞላው አዲስ መብራት ያሰጋቸው መድን ሰጪዎች ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የተባለውን ወጣት መሐንዲስ ለምርመራ ላኩት፤ እርሱም በሚከተለው ዓመት፣ ማለት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በ5 ዓመት፣ ኋላ አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ተብሎ የታወቀውን የምርመራ ቤት መሠረተ። በ1906 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው 60335 የተባለው ደንብ ደግሞ ዛሬ በቤት ዕቃ መርማሪዎች ዘንድ ዋና መጽሐፍ ነው። ደንቡ ከሚያዝዛቸው መሣሪያዎች አንዱ መታጠፊያ አንጓ ያለው ሰው ሠራሽ ጣት ነው፤ መሐንዲሱ ይህን ጣት በዕቃው ቀዳዳ ሁሉ እያስገባ፣ ኃይል ካለበት ሽቦ የሚደርስ እንደ ሆነ ዕቃውን ይጥለዋል። የባልቴቲቱ ጣት ሊደፍረው የማይገባውን ሥራ ይህ ጣት ተረከበላት። የሚያሞቅ ዕቃም ሲፈተን በተጻፈለት ኃይል ሳይሆን በ1.15 እጥፉ እየሠራ ሙቀቱ ይለካል፤ ምጣድን ከእንጀራ በፊት በእሳት ለሚያሟሽ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

በአገራችን የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተቋቁሞ፣ ስሙና ሥልጣኑ ከተለዋወጠ በኋላ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ግን ደንብ አውጪው ከፈታኙ ተለይቶ የመፈተኑ ሥራ ለኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ደረሰ። ሕግ የሚጽፍና በሕጉ የሚፈርድ አንድ አለመሆኑ መልካም ነው።

እኔ ግን ከውጭ ከሚመጣው ካውያ ይልቅ የሚያሳስበኝ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ነው። ግማሹ የጥንቱ ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቀደደለት ቦይ ውስጥ የሬዚስታንስ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ በጀሶ ተለስኖ፣ በላሜራ ተከብቦ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ፣ በቤት ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ኃይል በላተኛው እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራውም በየሰፈሩ ባሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ነው፤ ሸክላው ከተሰነጠቀና ሊጡ ወደ ሽቦው ከወረደ ላሜራው ራሱ ኃይል ሊይዝ ይችላል፤ ጋጋሪዋ ደግሞ እርጥብ እጅ ይዛ የምትቀርበው ወደዚያው ነው።

መተማ በዚህ ነገር ላይ የራሷን አስቸጋሪ ጠባይ ጨምራበታለች። ከጎንደር በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ በተዘረጋው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ወደ ሱዳን ሲሻገር፣ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ደግሞ ከሱዳን ወደዚህ ይሻገራል። የሁለቱ አገሮች ኃይል፣ እኛ በ220 እነርሱ በ230 ቮልት፣ እጅግ የተቀራረበ ስለሆነ ዕቃው ያለ ችግር ይሠራል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከሶኬቱ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ሶኬት ለእኛ ግድግዳ አልገጥም ሲል በአዳፕተር ይሰካል፣ ወይም ተቆርጦ በባለ ሁለት እግር ይተካል፤ እንዲህ ሲደረግ የሚቀረው እግር ብዙውን ጊዜ የመሬት ሽቦው ነው። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ማቀዝቀዣውም ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ በቆላው ሙቀት ላብ ያጠመቀውና በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ግን የብረቱን በር ሲከፍት የሚጠብቀው ነገር አይኖርም። ደንቡ ከዕቃው የመሬት ሽቦ ማያያዣ እስከ ዕቃው ገላ ያለው ተቃውሞ ከ0.1 ኦም እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ይህን ለማወቅም ዕቃውን አዲስ አበባ ድረስ መጫን አያሻም፤ አንድ መለኪያና ሥራውን የተማረ አንድ ሰው ከኬላው አጠገብ ቢቀመጡ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ነው።