በትርና መዳፍ፤ ከአዘዞ ተነሥተን ስለ ከበሮ መምቻ

ስለ ከበሮ ሲወራ ስለ ቆዳውና ስለ ግንዱ ብዙ ይባላል። ስለሚመታበት ነገር ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኛም ባለፈው ሰሞን የሙዚቃ ጓደኞቻችን ለቡድናቸው ድራም የፔዳል መምቻ ለመግዛት ሲጨቃጨቁ እስክንሰማ ድረስ ጉዳዩን ከቁም ነገር ቆጥረነው አናውቅም ነበር። አንዱ ወገን «እንጨቱ ይሻላል፣ አዳራሹ ጥግ ድረስ ይሰማል» አለ። ሌላው «የለም፣ ፌልት የሚሉት የተጠቀጠቀ ሱፍ ይሁን፤ እንጨቱ ከበሮዋን ይውጣታል» ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ የዕቃ ክርክር ይመስላል። እኛ ግን በዚህች አገር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ነው እንላለን። ለምን ቢሉ፣ መምቻን መምረጥ ማለት ድምፁ ምን እንዲሠራ እንደተፈለገ መምረጥ ነውና።

ይህን ለማየት ወደ አዘዞ እንውረድ። አዘዞ ከጎንደር በስተደቡብ፣ የመተማው መንገድ ከባሕር ዳሩ መንገድ የሚለይባት ቦታ ናት። ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚያ ነው። ንጉሡ በካቶሊክ እምነት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. የጥንቱ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥታቸውንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ብዙም ሳይቆዩ ሞተው በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ አዘዞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና የእጨጌው መቀመጫ ሆነች፤ ስሟም ከተክለ ሃይማኖት ደብር ጋር ተያይዞ ቀረ። እንግዲህ ያ ምድር ሁለቱን አስተናግዷል፤ አዋጅ ያስነገረውን ንጉሥና ማኅሌት የቆመውን ካህን። የንጉሡ ነጋሪት በበትር ይጎሰማል፤ የካህኑ ከበሮ በመዳፍ ይመታል።

ስለ በትሩ ጥሩ አድርጎ የጻፈልን በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ሰውየው እንደሚለው ንጉሡ ሲጓዝ አርባ አምስት ነጋሪት ከፊቱ ይጎሰማል። እያንዳንዱ መቺ አንድ ነጋሪት ብቻ በበቅሎው ግራ ጎን አንጠልጥሎ፣ አንድ ሜትር ገደማ በሚሆን ቆልማማ በትር ይመታል። ቆዳው ከአፉ አልፎ በውጭ በኩል ሢሶ ያህል ወደታች ስለተወጠረ ድምፁ እንደ አውሮፓው የጠራ አይደለም፤ ሆኖም እጅግ ከሩቅ ይሰማል ይላል። በትሩ ለምን ረዘመ? ለምን ቆለመመ? በበቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎንበስ ሳይል ጎኑ ላይ ያለውን ቆዳ እንዲደርስበት፣ ክንዱም ሰፊ ውርወራ እንዲያገኝ ነው ብለን እንገምታለን። ይህ መምቻ ለጭፈራ አልተሠራም። ንጉሡ አገረ ገዥ ሲሾም ነጋሪትና ሰንደቅ ይሰጠው ነበር፤ ነጋሪት ማለት ሥልጣን ማለት ነበረ። ድምፁ «ዝም በል፣ ስማ» ይላል። ስሙም «ነገረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥቱ የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ በከንቱ አይደለም። በትሩ ቢቀርም ትእዛዙ በወረቀት ቀጥሏል።

መዳፉስ? የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ አፍ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሊቃውንቱ ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ጠፍሩን በግርፋቱ ሰንበር ይመስሉታል፤ በእጅ መመታቱም ጌታ በጥፊ መመታቱን ያሳስባል ይላሉ። እንግዲህ እጁ በሌላ ነገር የሚለወጥ መሣሪያ አይደለም፤ የትርጉሙ አካል ነው። በሙያውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ካህኑ በመረግድ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ በጽፋት ጊዜ አፍጥኖ ሲመታ፣ የቆዳውን መልስ በመዳፉ ያዳምጣል፤ ሲፈልግ ያፍነዋል፣ ሲፈልግ ይለቀዋል። የአቋቋም መምህራን ማስመስከሪያ ጎንደር በዓታ መሆኗ የታወቀ ነው፤ ይህ ስልት በዚያ አገር የቃልና የእጅ ትምህርት ሆኖ ኖሯል። ነሐሴ 24 ቀን በተክለ ሃይማኖት በዓል ማኅሌት ያደረ ሰው የምንለውን ያውቃል። የሠርጓ ከበሮም እንዲሁ በእጅ ነው የምትመታው። ይህ ምት ሰውን ዝም አያሰኝም። «ተቀበል፣ አጨብጭብ፣ አብረን እንነሣ» ይላል።

ሦስተኛው መምቻ እግር ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ ሙዚቃን በአገራችን ሲያስፋፉ፣ የሰልፉ ትልቅ ከበሮ ገና በእጅ በሚያዝ መዶሻ መሰል መምቻ ነበር የሚመታው። በውጭ አገር ግን በ1909 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካኑ ሉድቪግ ፈጣን ፔዳል ሠርቶ ለገበያ አውጥቶ ነበር። ይህ መሣሪያ አንድ ሰው ተቀምጦ የብዙ ሰው ሥራ እንዲሠራ አስቻለው። በ1950ዎቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤቱ ባንዶች ችክችካውን በድራም ሲጫወቱ፣ የከበሮዋን የሰፊውን አፍ ሥራ የወረሰው ይኸው እግር ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ ጎንደርም በፋሲለደስ ቡድኗ ስትታወቅ፣ ጥያቄው ወደ ክፍለ ሀገሩ መድረክ ወጣ። እግሩና መዳፉ ባንድ ዘፈን ውስጥ እንዴት ይኑሩ?

አሁን ወደ ጓደኞቻችን ክርክር እንመለስ። እንጨት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ቆዳውን ነክቶ ቶሎ ይለቃል። ከወፍራሙ ድምፅ በፊት «ጠቅ» የምትል ስለታም ድምፅ ትቀድማለች። ይህች «ጠቅታ» ከማሲንቆው ጩኸት፣ ከዘፋኙ ቃልና ከከበሮዋ ጠባብ አፍ ጋር አንድ ቦታ ላይ ትጋፋለች። ሱፉ ግን ሰፋ ባለ ፊት ይነካል፣ ጥቂት ይቆያል፣ «ዱም» ይላል፤ የላይኛውን ቦታ ለሌሎቹ ይተዋል። ስሜቱም ይለያያል። ከባድ ራስ ያለው መምቻ ጉልበት ይሰጣል፣ ግን ዘግይቶ ይመለሳል፤ በፈጣን ዘፈን እግርን ያደክማል። ቀላሉ ቶሎ ይመለሳል፣ ድምፁ ግን ይሳሳል። እንጨቱ ቆዳውንም ቶሎ ይበላል፤ የሚመታበት ቦታ ላይ ቁራጭ ካልተለጠፈበት ዕድሜው ያጥራል።

እንጨቱን ፈጽመን አንኮንንም። ማይክሮፎን በሌለበት ሜዳ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ እንደ ነጋሪቱ በትር ሥራ አለው። ነገር ግን ከበሮ መቺዋ አጠገብ ተቀምጣ እያለች እንጨት መምረጥ ማለት፣ ሳናውቀው የአዋጁን ምት በማኅበሩ ምት ላይ መሾም ነው። እኛ ራሳችን አይተነዋል። ባንድ የተማሪዎች ምሽት ከበሮ መቺዋ ሁለት ዘፈን ያህል ከታገለች በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ አጨበጨበ። መቆሟን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ለቡድኑ የምንለው ይህን ነው። መምቻውን ሱቅ ውስጥ ብቻውን አትምረጡት። ከበሮዋንና ማሲንቆውን አብራችሁ አስጫውቱ፤ አንዳችሁ አዳራሹ ጥግ ሄዳችሁ ቁሙ። ሁለቱንም መምቻ ሞክሩ። የከበሮዋ ጠባብ አፍ የተሰማበትን ግዙ።