«ተጫዋች የላቸውም»፦ የካንሳስ ስቴት ሽንፈት ምን ይለካ ነበር?

በ1989 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ረጅም ዘገባ አወጣ። ርዕሱን ወደ አማርኛ ብናመጣው «የከንቱ ልፋት ዩኒቨርሲቲ» እንደማለት ነው። ቡድኑ ካንሳስ ስቴት ነበር። 1987 ላይ 11 ጨዋታ ተጫውቶ 10 ተሸነፈ፣ 1 አቻ ወጣ። 1988 ላይ 11 ተጫውቶ 11 ተሸነፈ። የቀድሞ ታሪኩም ቢሆን የሚያኮራ አልነበረም። በትልቁ የኮሌጅ ዲቪዚዮን 500 ሽንፈት ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለጥሩ ቡድኖች የሚዘጋጀውን ጨዋታ («ቦውል» ይሉታል) እስከዚያ ድረስ የቀመሰው አንዴ ብቻ፣ በ1982 ነው። እሱንም በዊስኮንሲን 14 ለ 3 ተሸንፏል።

ለእንዲህ ዓይነት ቡድን የሚሰጠው ፍርድ ሁሌም አንድ ነው፦ «ተጫዋች የላቸውም፣ ችሎታ የለም፣ በቃ።» እኔ ደግሞ የዚህ ቡድን ታሪክ የሚስበኝ ይህን ፍርድ ለመፈተን የሚመች ሌላ ቡድን ስለማላውቅ ነው። የተሸናፊ ቡድን ችሎታ በምን ይለካል? የጨዋታ ውጤት የሚለካው ችሎታን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መጀመሪያ ግን ነገሩን እናብራራ። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ሄልሜት አድርገው፣ ጫፏ የሾለ ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። በዚያን ዘመን የኮሌጅ ቡድን ተጫዋች በገንዘብ አይገዛም ነበር። አሰልጣኙ ከሃይስኩል የሚጨርሱ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ ከእናት ከአባታቸው ጋር ቁጭ ብሎ «እኛ ጋ ይምጣ» ብሎ ማሳመን ነበረበት። እና 11 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ ምን ብሎ ያሳምናል? የካንሳስ ስቴት ጎረቤቶች ነብራስካና ኦክላሆማ፣ ያኔ በአገሪቱ ከሚፈሩት ቡድኖች መካከል ነበሩ። ጎበዙ ልጅ እነሱ ጋ ይሄዳል። ጎበዙ ስለሄደ ቡድኑ ይሸነፋል። ቡድኑ ስለተሸነፈ የሚቀጥለውም ጎበዝ ይሄዳል። ሽንፈት ሽንፈትን ይወልዳል።

በ1988 መጨረሻ ቢል ስናይደር የተባለ የ49 ዓመት ሰው ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው፤ እዚያ የማጥቃቱን ክፍል ይመራ ነበር። ሲረከብ ቡድኑ ባለፉት 27 ጨዋታዎች አንድም አላሸነፈም፤ 26 ሽንፈት፣ 1 አቻ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ሲስተም ደጋግሞ ሲወድቅ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ስለ ሰው ነው፦ «ጠንካራ ልጆች የሉንም።» ሎግ ገልጦ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ማየት ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ስናይደር ያደረገው ይህንን ሁለተኛውን ይመስለኛል። «ችሎታ የለም» የሚለውን አንድ ትልቅ ችግር ወስዶ ወደ ትንንሽ ችግሮች በተነው።

አንደኛው የቁጥር ችግር ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ ለአንድ ቡድን እስከ 95 የስኮላርሺፕ ተጫዋች ይፈቅዳል። ካንሳስ ስቴት ከዚህ በጣም በታች ነበር። ፉትቦል አካል የሚደቅ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ሲጎዳ የሚተካው ያስፈልጋል። ተተኪ የሌለው ቡድን በመጀመሪያው ሩብ ጥሩ መስሎ በአራተኛው ሩብ ሊፈርስ ይችላል። ከሩቅ ሲታይ ይህ የችሎታ ማነስ ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን የሰው እጥረት ነው።

ሁለተኛው የዕድሜ ችግር ነው። የ18 ዓመት ልጅ ከ22 ዓመት ጎልማሳ ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። አሜሪካኖቹ «ሬድሸርት» የሚሉት ዘዴ አላቸው፦ ተጫዋቹ አንድ ዓመት ሳይሰለፍ እየሠለጠነ ይቆያል፣ የመጫወቻ ዓመቱ ግን አይቆጠርበትም። በነገራችን ላይ ያ ብቸኛ የ1982 የቦውል ጨዋታም የተገኘው በዚህ ዘዴ ነበር። የወቅቱ አሰልጣኝ ጂም ዲኪ በ1981 ነባር ተጫዋቾቹን አስቀምጦ፣ ያንን ዓመት ሰውቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉንም ባንዴ አሰለፋቸው። ቡድኑ በ1981 ያሳየው ውጤት እንግዲህ ስለ ተጫዋቾቹ ችሎታ ምን ሊነግረን ይችላል? የሚችሉት ልጆች ከሜዳው ውጪ ተቀምጠው ነበር!

ሦስተኛው የመፈለጊያ ቦታ ችግር ነው። በካንሳስና በአጎራባች ግዛቶች የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ። ከሃይስኩል ሲወጡ ውጤት ያልሞላላቸው ወይም ማንም ልብ ያላላቸው ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ቡድኖች አያስፈልጓቸውም ነበር፤ ስናይደር ግን ዋና ምንጩ አደረጋቸው። 1998 ላይ ቡድኑን የመራው ማይክል ቢሾፕ ቴክሳስ ከሚገኝ ብሊን ከሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው የመጣው። በዚያ ዓመት ለአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው የሃይስማን ሽልማት 2ኛ ወጣ።

አራተኛውን ብዙ ሰው ችሎታ ብሎ አይቆጥረውም፦ ከጎን የሚቆሙት ረዳቶች። ስናይደር ከሰበሰባቸው ወጣት ረዳቶች አንዱ ቦብ ስቱፕስ ነው፤ በኋላ ኦክላሆማን ይዞ በ2000 የውድድር ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው ራሱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ውጤቱ ወዲያው አልመጣም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1989 ካንሳስ ስቴት ኖርዝ ቴክሳስን 20 ለ 17 አሸነፈ፤ ያውም ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በተጠናቀቀ የመጨረሻ ሙከራ። ከኦክቶበር 1986 ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነው። በዚያ ዓመት ሌላ ድል አልተገኘም፤ 1 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት 5 አሸነፈ፣ ከዚያ 7። 1993 ላይ 9 አሸንፎ፣ በቦውሉ ዋዮሚንግን 52 ለ 17 ረታ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለ11 ተከታታይ ዓመታት ቦውል አልቀረም። 1998 ላይ ደግሞ ከ1968 ወዲህ አሸንፎት የማያውቀውን ነብራስካን 40 ለ 30 አሸነፈ።

እዚህ ጋ ተቃውሞ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ስናይደር ከሊጉ ውጪ የሚገጥማቸውን ቡድኖች ሆን ብሎ ቀለል ያሉ ያደርግ ነበር፤ በዚህም ብዙ ተተችቷል። ደግሞስ እነዚህ ሁሉ ዓመታት የሚያሳዩት የተሻለ ተጫዋች መምጣቱን አይደለም ወይ? በከፊል አዎ። ለዚህ ነው ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ከዚያ በኋላ የሆነው።

ስናይደር 2005 ላይ ጡረታ ወጣ። ስታዲየሙም በቤተሰቡ ስም ተሰየመ። በተተካው አሰልጣኝ ሦስት ዓመታት ቡድኑ 17 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። አሁን ልብ በሉ። በ2008 የቡድኑ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚያከፋፍለውና ጨዋታውን የሚመራው፣ ጆሽ ፍሪማን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፕሮፌሽናል ሊጉ አዲስ ተጫዋቾች ሲመርጥ በ17ኛ ተራ ተመረጠ። ከመላ አገሪቱ 17ኛ! ያንን ልጅ የያዘ ቡድን 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ።

2009 ላይ ስናይደር በ69 ዓመቱ ተመለሰ። ቡድኑ ውስጥ ኮሊን ክላይን የሚባል ኳርተርባክ አገኘ፤ ከእሱ በፊት በነበረው አሰልጣኝ ዘመን የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኳስ ተቀባይ አድርጎ አሰለፈው፣ ከዚያ ወደ ቦታው መለሰው። 2012 ላይ ክላይን ቡድኑን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገ፣ በሃይስማን ሽልማትም 3ኛ ወጣ። ፕሮፌሽናል ሊጉ ሲመርጥ ግን አንድም ቡድን አልጠራውም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው። ገበያው ውድ ዋጋ ያወጣለት ልጅ የነበረበት ቡድን ተሸነፈ፣ ገበያው ያልፈለገው ልጅ የመራው ቡድን ሻምፒዮን ሆነ። ከክላይን ይልቅ ፍሪማን የተሻለ ክንድ ነበረው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን ችሎታ ብለን የምንጠራው ነገር ልጁ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። የሚሠራው ሥራ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው፣ የተሰጠው ጊዜ ተጨምሮበት ነው ሜዳ ላይ የሚታየው።

ይህን ስል «ጥሩ አሰልጣኝ ካለ ሁሉም ይቻላል» እያልኩ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ፕሬሪ ቪው የሚባል በታሪክ የጥቁሮች የሆነ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ1989 እስከ 1998 ድረስ 80 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ እንዲህ ያለ የለም፣ የቀልድ ማጣፈጫም ሆኖ ነበር። ቡድኑ ግን በነዚያ ዓመታት ለፉትቦል ስኮላርሺፕ አይሰጥም ነበር። ልጆቹ ትምህርታቸውን ራሳቸው እየከፈሉ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ካላቸው ጋር እየተጋጩ፣ በየሳምንቱ ይሸነፉና በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይገባሉ። እነዚያ 80 ሽንፈቶች የለኩት የልጆቹን አቅም አይመስለኝም፤ የዩኒቨርሲቲውን ካዝና ነው። በመጨረሻ ላንግስተንን 14 ለ 12 አሸነፉ፣ 2009 ላይ ደግሞ ያው ዩኒቨርሲቲ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ።

ዛሬ የሃይስኩል ልጆችን በኮከብ የሚመዝኑ ድርጅቶች ሞልተዋል፤ 5 ኮከብ፣ 4 ኮከብ፣ 3 ኮከብ። ኮከቡ ከንቱ አይደለም። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ሻምፒዮኖች ካስፈረሟቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለ 4ና ባለ 5 ኮከብ ነበሩ። ግን ኮከብ የሚነግረን ልጁ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ ነው፤ የውጤት ሰንጠረዥ ደግሞ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ ነው። መካከል ላይ ያለውን ሁለቱም አያዩትም።

ስለዚህ አንድ የሚሸነፍ ቡድን ሳይ የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ። ስንት ሰው አላቸው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? በስንት ነጥብ ነው የሚሸነፉት? ማን ነው የሚያሠለጥናቸው፣ በምን ገንዘብ? ለነዚህ ሁሉ መልስ ተገኝቶ አሁንም ቀዳዳ ከቀረ፣ ያኔ «ችሎታ የለም» ማለት ይቻላል። የካንሳስ ስቴት ልጆች ለ30 ጨዋታ ያህል ያለ ድል ሲቆዩ ይህንን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። ፍርዱ ግን ርዕስ ሆኖ ታትሞ ነበር።