አሥራ ሁለት በር ያለው ግምጃ ቤት

ስለ ባንክ ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ «የተማከለ» እና «ያልተማከለ» የሚሉትን ቃላት እንደ ተቃራኒ አድርገን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ የተለመደ ነው። ተማሪውም ሁለቱን በቃሉ አጥንቶ በፈተና ላይ ይመልሳቸዋል። ነገር ግን ቃላቱ በውስጣቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዘዋል። አንደኛው፣ ኖት የሚያወጣውና ሌሎች ባንኮች ሲቸገሩ የሚያበድረው አካል አንድ ነው ወይስ ብዙ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከሕዝቡ ተቀማጭ ገንዘብ የሚቀበሉት ባንኮች ጥቂትና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ ከተማ የየራሱ ትንሽ ባንክ አለው? የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ካልተለያዩ የአሜሪካንን የባንክ ታሪክ ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።

አሜሪካ ማዕከላዊ ባንክን ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ትታለች። የመጀመሪያው ከ1791 እስከ 1811 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው ከ1816 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. የቆዩ ሲሆኑ፣ የሁለቱም ፈቃድ የሃያ ዓመት ነበር፤ ጊዜው ሲያልቅም ሳይታደስ ቀረ። የሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤት ፊላደልፊያ ስለ ነበር፣ የምዕራቡና የደቡቡ ገበሬ «የትልቅ ከተማ ባለጸጎች ገንዘባችንን ይቆጣጠሩታል» ብሎ ይጠራጠር ነበር። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1832 የፈቃዱን መታደስ የከለከሉት በዚሁ ስሜት ተደግፈው ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 77 ዓመታት አገሪቱ ያለ ማዕከላዊ ባንክ ኖረች። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ኖት ያወጣ ነበር፤ ኖቱም ካወጣው ባንክ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይቀንስ ስለ ነበር፣ ነጋዴው የትኛው ኖት ስንት እንደሚያወጣ የሚገልጽ መጽሔት እየገዛ ያመሳክር ነበር። በ1863 የወጣው ሕግ ለኖቶቹ አንድ ዓይነት መልክ ቢሰጣቸውም፣ የኖቱ መጠን የተወሰነው ባንኩ በያዘው የመንግሥት ቦንድ እንጂ በገበያው ፍላጎት አልነበረም። ስለዚህ በመከር ወራት የገጠር ባንኮች ኒው ዮርክ ያስቀመጡትን ገንዘብ ሲስቡ ወለድ ይንር ነበር። በ1873፣ በ1893 እና በ1907 የደረሰው የገንዘብ ድንጋጤ ከዚህ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1907 ኒከርቦከር የተባለው የኒው ዮርክ ትረስት ኩባንያ ሲዘጋ፣ የባንክ ባለቤቶችን ሰብስቦ ገንዘብ እንዲያዋጡ ያደረገው የ70 ዓመቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን ነበር። የአንድ ታላቅ አገር ገንዘብ በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ማረፉ ብዙዎችን አሳሰበ።

በታኅሣሥ ወር 1913 የወጣው ሕግ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕጉ አንድ ማዕከላዊ ባንክ አላቋቋመም፤ አገሩን በአሥራ ሁለት አውራጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ የተጠባባቂ ገንዘብ ባንክ ሰጠው፤ በላያቸውም በዋሽንግተን የሚቀመጥ ቦርድ አደረገባቸው። እያንዳንዱ ባንክ የራሱ የዲሬክተሮች ቦርድ ነበረው፤ ለማን እንደሚያበድርም በአብዛኛው የሚወስነው ራሱ ነበር።

ይህ አሠራር ምን እንዳስከተለ ለማየት ከሚሲሲፒ ግዛት የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ለክፍል ውይይትም እጅግ የሚመች ነው። የአውራጃው ወሰን ግዛቷን ከሁለት ይከፍላታል፤ ደቡቡ ለአትላንታ፣ ሰሜኑ ለሴንት ሉዊስ ባንክ ነው። ሕዝቡ ያው፣ የግዛቲቱ ሕግ ያው፣ ጥጡም ያው ነው። በኅዳር 1930 በናሽቪል ከተማ የነበረው ካልድዌል ኩባንያ ሲወድቅ በአካባቢው ያለው አስቀማጭ ሁሉ ደንግጦ ወደ ባንክ ሮጠ። የአትላንታው ባንክ በዚህ ጊዜ ለተቸገሩት ባንኮች ፈጥኖ አበደረ። የሴንት ሉዊሱ ግን ንግድ ሲቀዘቅዝ ብድርም አብሮ መቀነስ አለበት በሚል እምነት እጁን ሰበሰበ። በደቡቡ በኩል ብዙ ባንኮች ሲተርፉ፣ በሰሜኑ በኩል የወደቁት በዙ። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለ ገበሬ ያጠራቀመው ገንዘብ መትረፉና መጥፋቱ የተወሰነው ፈጽሞ በማያውቃቸው ሰዎች አስተሳሰብ ነበር። ያልተማከለ ሥርዓት ጥሩ ጎኑ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም አለመሳሳቱ ነው፤ ይህ ግን በተሳሳተው በኩል ለወደቀ ሰው የሚያጽናና አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ከ1930 እስከ 1933 በአሜሪካ ወደ 9,000 የሚጠጉ ባንኮች ሥራቸውን አቆሙ። በጎረቤት ካናዳ ግን በዚያው ጊዜ አንድም ባንክ አልወደቀም። የሚገርመው፣ ካናዳ ማዕከላዊ ባንኳን የከፈተችው በ1935 ነው። (በእርግጥ ባንኮቹ ከገንዘብ ሚኒስቴሩ የሚበደሩበት ሕግ አስቀድሞ ነበራቸው።) ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያስረዳው የባንኮቹ አቋም ነው። የካናዳ ባንኮች ከአሥር አካባቢ የማይበልጡ ሆነው በአገሩ ሁሉ ቅርንጫፍ ነበራቸው፤ በአንዱ አውራጃ ስንዴው ዋጋ ሲያጣ የሌላው ትርፍ ይደግፈው ነበር። በአሜሪካ ግን ብዙ ግዛቶች ባንክ ቅርንጫፍ እንዳይከፍት ይከለክሉ ስለ ነበር፣ የመንደሩ ባንክ ዕድል ከመንደሩ ሰብል ጋር ታስሮ ነበር።

የአሥራ ሁለቱ ባንኮች ነፃነት ዋና ፈተና የደረሰው በመጋቢት 1933 ነው። ከኒው ዮርክ ባንክ ወርቅ እየወጣ ሲያልቅ ቺካጎን ብድር ጠየቀ፤ ቺካጎም ወርቅ ሳያጣ እምቢ አለ። ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን የአገሩን ባንኮች በሙሉ ለጊዜው ዘጉ። በ1935 የወጣው ሕግ ከአሥራ ሁለቱ ባንኮች ብዙውን ሥልጣን ወስዶ በዋሽንግተን ላለው ቦርድ ሰጠ። አሥራ ሁለቱ በሮች ዛሬም አሉ፤ ዋናው ቁልፍ ግን በአንድ እጅ ነው።

የእኛ አገር መንገድ የተጀመረው ከሌላው ጫፍ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ኖት የማውጣት ብቸኛ መብት ቢኖረውም፣ መብቱ የተሰጠው ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ስለ ነበር ማዕከሉ ከአገር ውጭ ነበር ማለት ይቻላል። ከወረራው በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ደግሞ ኖት ያወጣል፣ የመንግሥትን ሒሳብ ይይዛል፣ ለነጋዴም ያበድራል። ሌሎች ባንኮችን ይቆጣጠር ዘንድ የሚገባው ባንክ ራሱ ዋናው ነጋዴ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሁለቱ ሥራዎች ተለይተው ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ለየብቻቸው ቆሙ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ፤ በ1972 ዓ.ም. አዲስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ሲዋሐድ በንግድ ባንክነት የቀረው አንድ ብቻ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. ለግል ባለ ገንዘቦች ተፈቅዶ ብዙ ባንኮች ተከፍተዋል። እነዚህም አንዱ በሐረር፣ ሌላው በጎንደር ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን ሁሉም በየከተማው ቅርንጫፍ የሚከፍቱ በመሆናቸው፣ በአቋማቸው ከድሮዎቹ የአሜሪካ የመንደር ባንኮች ይልቅ የካናዳዎቹን ይመስላሉ።