የግራው ወንበር

ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ጎሮ የምትኖሩ ከሆነ፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብላችሁ ማየት ከተዋችሁ ቆይቷል። ድምፁ እንደ ሚኒባስ ጡሩምባ ተለምዷል። በአውሮፕላኑ የፊት ክፍል፣ በግራ በኩል ባለው ወንበር የተቀመጠው ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑም አይገርማችሁም። የግራው ወንበር የዋናው አብራሪ፣ የካፒቴኑ ቦታ ነው፤ በቀኝ የሚቀመጠው ረዳቱ ነው። ኢትዮጵያውያን ያን የግራ ወንበር ለመያዝ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ላጫውታችሁ። ታሪኩ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ሰሞን በወረቀት ላይ የምትጽፉት ዕቅድም ይነካካዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከሀገር ከወጣ ገና 5 ዓመት አልሞላም። ከጦርነቱ በፊት ከተማሩት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹን ፋሺስት ፈጅቷቸዋል። አውሮፕላን የሚያበር ይቅርና ሞተሩን የሚፈታ ሰው ማግኘትም ከባድ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ቲ. ደብሊው. ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። አብራሪዎቹም ቴክኒሺያኖቹም ሥራ አስኪያጁም አሜሪካውያን ሆኑ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ 5 ሲ-47 ነበሩ። ወታደርና ዕቃ ለመጫን የተሠሩ ስለነበሩ ተሳፋሪው በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ መሐሉ የጭነት ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። ያኔ የቦሌ ማረፊያ የለም፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር።

ዓላማው ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ድርጅቱን ኢትዮጵያውያን እንዲረከቡት ነበር። ዓላማ መናገር ቀላል ነው። እስቲ ዓመቶቹን ቁጠሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት አዝዘው የበረሩ የመጀመሪያው የአየር መንገዱ ኢትዮጵያዊ የሆኑት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ነው። ከመጀመሪያው በረራ 11 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1950ዎቹ የጄት አውሮፕላን ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ፤ የአየር መንገዱ የጄት አገልግሎትም በ1955 ዓ.ም. ጀመረ። የአብራሪዎች ትምህርት ቤቱ በ1964፣ የጥገና ባለሙያዎቹ በ1967 ተከፈቱ፤ ሁለቱም በአውሮፓውያን ቁጥር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ሹመታቸውን ያገኙት በ1971 ነው፤ ይህም በአውሮፓውያን። ከምሥረታው እስከዚያ 25 ዓመት ሞልቶታል። አየር መንገዱ ሲመሠረት የተወለደ ሕፃን ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ይዟል።

እኔን የሚገርመኝ ርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉም ነው። መጀመሪያ አጠገብ ቆሞ ማየት፣ ከዚያ የቀኙ ወንበር፣ ከዚያ የግራው፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ማንም ከቢሮው አልጀመረም። እኛ በቤተ ክርስቲያን «ራእይ» የሚለውን ቃል በጣም እንወዳለን፤ «የጊዜ ሰሌዳ» የሚለውን ግን ብዙ አንወድም። ዳንኤልንም ስናስተምር ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ እንቸኩላለን። እርሱና ጓደኞቹ በባዕድ አገር ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ እየተማሩ እንዲቆዩ የተመደበላቸው 3 ዓመት እኮ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አለ። ለልጆች ሲተረክ ሰምቼ አላውቅም።

አብራሪዎች ጉዟቸውን የሚለኩት በሰዓት ነው፤ በዓመት አይቆጥሩም። እያንዳንዱ አብራሪ ሎግ ቡክ የሚባል የበረራ መዝገብ አለው። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ መነሻና መድረሻው፣ የበረረበት ጊዜ ይጻፍበታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ የመስመር ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገውን ከፍተኛውን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉን ውሰዱ። ጥቅምት 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ከመሆኗ በፊት 8 ዓመት ያህል በቀኙ ወንበር ተቀምጣ ከ4,400 ሰዓት በላይ በርራለች። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት በረራ ከቦሌ ወደ ባንኮክ ሲነሣ በግራው ወንበር የነበረችው እርሷ ናት። ጋዜጦቹ ያን ቀን ፎቶ አነሡ። 4,400ውን ሰዓት ፎቶ ያነሣው የለም።

በዚህ መዝገብ ውስጥ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተሳፋሪ ሆኖ 1,000 ሰዓት የበረረ ሰው አንዲት ደቂቃ አይጻፍለትም። በአየር ላይ መቆየቱ አይቆጠርለትም፤ የሚቆጠረው መሪው ላይ መሥራቱ ነው። አሁን ወደ ጥናታችሁ ኑ። ቱቶሪያል ክፍል ገብቶ አስተማሪው ጥያቄውን ሲሠራ መመልከት፣ የጎበዝ ጓደኛን ደብተር መገልበጥ፣ ስልክ በአንድ እጅ መጽሐፍ በሌላ እጅ ይዞ ማምሸት፣ ይህ ሁሉ የተሳፋሪ ሰዓት ነው። መጽሐፉን ዘግታችሁ ጥያቄውን ከባዶ ወረቀት ጀምራችሁ ስትሠሩ፣ ስትሳሳቱ፣ ስሕተቱን ስታርሙ ግን ያኔ እየበረራችሁ ነው። ርካሽ ደብተር ግዙና ለ1 ወር ይህን ብቻ መዝግቡ፦ ቀን፣ ትምህርት፣ ምዕራፍ፣ ራሳችሁ የሠራችሁበት ደቂቃ። የሚወጣው ቁጥር ትንሽ ይሆናል። ትንሽ መሆኑን ማወቁ ነው ጥቅሙ።

ነገሩን ቀለል አድርጌ እንዳልናገረው የምታውቁትን ቁጥር ላስታውሳችሁ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ተማሪውን ብቻ የሚወቅስ ሰው ትምህርት ቤቶቻችንን አያውቃቸውም። ብዙ ቦታ ቤተ ሙከራ የለም፣ መጽሐፍ ይጎድላል። ሆኖም የራሳችሁን ሰዓት መመዝገብ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም።

ከአብራሪዎች ሌላም የምትወስዱት ልማድ አለ። በ1935፣ በአውሮፓውያን፣ ቦይንግ አዲስ የጦር አውሮፕላን በአሜሪካ ኦሃዮ ሲፈተሽ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ 2 ሰዎች ሞቱ። መሪው ላይ የነበረው አብራሪ ልምድ ያለው፣ የተመሰከረለት ነበር። የረሳው አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ ሲቆም ነፋስ እንዳያንገላታው መሪ ክፍሎቹን የሚይዘውን መቆለፊያ አልፈታውም። ከዚያ በኋላ ነው ቼክሊስት በአብራሪዎች ዘንድ ግዴታ እየሆነ የመጣው። ዛሬም 20 ዓመት የበረረ ካፒቴን «አውቀዋለሁ» ብሎ አይዘልለውም፤ ተራ በተራ ይነበባል፣ ይመለሳል። ፈተና ላይ ስሙንና መለያ ቁጥሩን ሳያጠቁር የሚወጣ ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ያ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሰነፉ አይደለም።

ስለ መጀመሪያ ሥራም ጥቂት ልበል። አየር መንገዱን ለ11 ዓመት ያህል የመሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም በ1970ዎቹ ሲቀጠሩ የተመደቡት በትራንስፖርት ኤጀንትነት ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የተተኩት አቶ መስፍን ጣሰውም በዚያው ዘመን የገቡት በጥገና ክፍል በጀማሪ መሐንዲስነት ነው። ሁለቱም ከታች ወደ ላይ ለመድረስ ከ25 ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል።

የእናንተ የመጀመሪያ ሥራ ምናልባት የሰፈር ልጆችን ማስጠናት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት መርዳት፣ ካፌ ውስጥ ማስተናገድ ወይም ሞባይል ጥገና ይሆናል። የእኔ ምክር ጥቂት መቶ ብር ከሚበልጠው ሥራ ይልቅ ሙያውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያለበትን እንድትመርጡ ነው። የቀኙ ወንበር ዋጋው ያለው በግራው የተቀመጠው ሰው ሲያውቅበት ነው። ሕጉንም እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያላችሁትን «ወጣት ሠራተኛ» ይላችኋል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት ሊያሠሯችሁ አይፈቀድም። ይህን ለአሠሪ መንገር ድፍረት የሚመስላችሁ ብትሆኑ አባታችሁን ወይም የኅብረታችሁን መሪ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በእኛ በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉ አጥቢያዎች ከአየር መንገዱ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ወይም እናት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ መካኒክ፣ የበረራ አስተናጋጅ፣ የጭነት ክፍል ሠራተኛ ይኖራሉ። በሚቀጥለው የወጣቶች ፕሮግራም አንዳቸውን ጋብዙ። የደረሱበትን ማዕረግ ከመጠየቃችሁ በፊት በመጀመሪያው ዓመት ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ማን አጠገብ ቆመው እንደተማሩ፣ ማታ ቤት ሲገቡ ምን ያነቡ እንደነበር ጠይቋቸው። ሻይ አዘጋጁ፤ ወሬው ይረዝማል።