ቀበና
ቀበና በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኝ ወንዝና በዳርቻው የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ወንዙ ከእንጦጦ ተራራ መንጭቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ውሃው በትልቁ አቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሶ በመጨረሻ አዋሽ ወንዝን ይቀላቀላል። በበጋ ቀጥኖ የሚከርመው ይህ ወንዝ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደፍርሶ ይሞላል፤ ያኔ የሚቀልድበት የለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. መዲናቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ አወረዱ። ከዓድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ሲጎርፉ፣ ለሌጋሲዮኖቻቸው (ለዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤቶቻቸው) ሰፋፊ ቦታ የተሰጣቸው በቀበና ዙሪያ ባለው የከተማዋ ጠርዝ ነበር። የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የጣሊያን ኤምባሲዎች ዛሬም በአካባቢው ናቸው። በግቢዎቻቸው ውስጥ ዛፉ ተጠብቆ ቆይቷል፤ ከአጥር ውጭ ግን ቤቱ እየተደራረበ እስከ ወንዙ አፋፍ ወረደ፣ ፍሳሹም ተከተለው።

በቅርብ ዓመታት የወንዙን ዳርቻ የማልማት ሥራ ተጀምሯል። ይሁንና ከየቤቱ የሚለቀቀው ፍሳሽ መስመር ካልያዘ፣ በዳር የተተከለው አበባ ውሃውን አያጠራውም።